«አባቴ ምድጃ ነው»

«አድገህ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ይላል አያ መጽሐፍ፣ የእንግሊዝኛው መማሪያ።

«አንተ የማትጠይቀው ሰው።»

መልሱ የእኔ ነው። ልጁማ መች ጊዜ አለው! ቻይናዊ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ የሒሳብ የቤት ሥራውን ገና አልጨረሰም። የአገሩ ትምህርት ሚኒስቴር በ2001 ባወጣው መመሪያ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ስለሚጀመር (ዓመቶቼ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ጨምሬ ልጁን ግራ አላጋባውም) የወተት ጥርሱን ጥሎ ሳይጨርስ ስለ እንጀራው ይጠየቃል። ከጥያቄው ሥር የተደረደሩትን ሥዕሎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዶክተር፣ ቲቸር፣ ፋርመር፣ ድራይቨር፣ ፖሊስ፣ ፓይለት፣ ጫፍ ላይ ደግሞ አስትሮኖት። ሁሉም ይስቃሉ። ገበሬው ሳይቀር ጥርሱ አይከደንም። ማዳበሪያ በሰዓቱ የደረሰለት መሆን አለበት።

ቻይናዊ ተማሪ የሥራና የሙያ እንግሊዝኛ ሲያጠና ብዙ ይሳቅበታል፤ በአጠራሩ፣ በሰዋስዉ፣ «ቲቸር ዋንግ» በማለቱ። እሱ ጨዋ ስለሆነ አብሮ ይስቃል። እኔ ያን ያህል ጨዋ ስላልሆንኩ በእሱ ፈንታ ልመልስ።

መጀመሪያ የምድጃው ነገር ይነሳ። ቴች ላይ «ኧር» ሲጨመር ቲቸር፣ ድራይቭ ላይ ሲጨመር ድራይቨር፣ ሲንግ ላይ ሲጨመር ሲንገር ይሆናል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሕጉ ገባው። ኩክ ማለት ማብሰል ከሆነ የሚያበስለው ሰው ኩከር ነዋ! «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ኩከር» ብሎ ጻፈ። አያ መጽሐፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ኩከር ምድጃው ነው፤ ሰውየው ኩክ ብቻ ነው የሚባለው።

«አባትህ ምድጃ ነው እንዴ?»

«አዎ፤ እሱ እየነደደ ነው እኔ የበላሁት።»

ደግሞስ ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና ነው! እንግሊዝኛ ለአስተማሪው «ኧር» አድሎ፣ ለዘፋኙ አድሎ፣ ወጥ ቤት ሲደርስ «አለቀብኝ» አለ። ወጥ ሠሪ ምን በደለው? አውሮፕላን የሚያበረውንም ፕሌነር አላለውም። ወጥ ቤት የማይገባ፣ ሰማይ የማይወጣ ሕግ ይዞ ነው እንግዲህ ልጅ የሚያሸማቅቀው።

ቀጥሎ የሚሳቅበት «ማይ ማዘር፣ ሂ ኢዝ ኤ ነርስ» ነው። በቻይንኛ ንግግር እሱም «ታ» ነው፣ እሷም «ታ» ናት። ሲጻፉ ይለያሉ እንጂ ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ተማሪው ሲቸኩል እናቱን ወንድ፣ ወንድሙን ሴት ያደርጋል። እኛ «ግባ» ወይም «ግቢ» ሳንል እንግዳ ማስገባት የማንችለው ሰዎች (አንቱታ ባይኖር ስንቱ በር ላይ በቀረ ነበር) መሳቅ ይቃጣናል። ግን እንግሊዝኛ ራሱ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ምን ሲሠራ ነው የከረመው? ፖሊስማንን ፖሊስ ኦፊሰር፣ ፋየርማንን ፋየርፋይተር፣ ቼርማንን ቼርፐርሰን፣ ስቱዋርደስን ፍላይት አቴንዳንት ሲያደርግ አይደለም? ሙያን ከጾታ ለማላቀቅ ይህን ሁሉ ላብ አፍስሶ የደረሰበት ሰፈር ልጁ ድሮውኑ «ታ» ብሎ ቁጭ ብሎበታል። «ዘገየህ፣ መንገድ ጠፋብህ?» ሊለው ይችል ነበር።

አያ መጽሐፍ ግን እልኸኛ ነው። «ቲቸር ዋንግ አይባልም፤ ሚስተር ዋንግ ነው የሚባለው» ይላል።

«ዶክተር ስሚዝ ይባላል?»

«እሱማ ይባላል።»

«ዶክተሩን ያስተማረው ማን ነው?»

ጸጥ።

እዚህ ላይ ልጁ ዘመዳችን ነው። የእኛም ተማሪ እጁን እያወጣ «ቲቸር! ቲቸር!» ሲል ነው ያደገው፤ ሚስተር ያለ ካለ አዲስ ገቢ ነው። ቻይና ውስጥ ሰው የሚጠራው በሥራው ነው፤ መምህር ዋንግ፣ ሐኪም ሊ፣ ሥራ አስኪያጅ ጃንግ። «ላውሺ» የተባለው የመምህር መጠሪያማ ክብሩ ሞልቶ ለተዋናዩም ለደራሲውም ተርፏል። የምክትል ምክትልነት ደግሞ ፊቱ ላይ አይነሳም። እኛስ ብንሆን ሚኒስትር ዴኤታውን «ክቡር ሚኒስትር» ከማለት አንድ ቃል ጨምረን ክብር የምንቀንስ ሞኞች ነን? የቻይናዎቹ ጣጣ ግን «ምክትል» የሚለው ቃል «ፉ» መሆኑ ነው። በዚያው ድምፅ የሚጠራ ፉ የሚባል የቤተሰብ ስምም አለ። ስለዚህ ሙሉው ዳይሬክተር አቶ ፉ፣ ቢሮውን ቢያሰፋም መኪናውን ቢለውጥም፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ምክትል ነው። ጀንግ የተባለው ምክትል ደግሞ ስሙ «ዋና» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም ያለ ሹመት ደብዳቤ ዋና ሆኖ ይውላል። ቻይናዎቹ ራሳቸው የሚሳሳቁበት የቆየ ቀልድ ነው። ሹመት በአባት ስም ሲመጣ አይተው የማያውቁ አገሮች ብቻ ይደነቁ።

«እሺ፣ ኢምፕሎየርና ኢምፕሎዪን ለምን ታምታታለህ?» አለ አያ መጽሐፍ፣ ወሬ ለማስቀየር።

ያምታታል፣ አይካድም። የሚከፍለውንና የሚላበውን የሚለየው ቃሉ ጭራ ላይ ያለች አንዲት ድምፅ ናት። ባንክ ቤት ግን ልዩነታቸው የአንድ ድምፅ አይደለም።

«አንድ ቀን እንኳ በስህተት ቀጣሪ ብሆን ምን ትሆናለህ?»

«ወርክስ ማለትም አቁም። በሰዋስው ሥራ አይቆጠርም።»

«ለአለቃዬ ንገርልኝ።»

አለቃውማ ይቆጥራል። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስድስት እያለ ነው የሚቆጥረው። በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ ማታው 9፣ በሳምንት 6 ቀን፤ ማባዛት ለሚሰለቸው 72 ሰዓት። በ2019 የቻይና ኮምፒውተር ባለሙያዎች ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራመሮች መዋያ ላይ ዘመቻ ከፈቱና ስሙን «996.አይሲዩ» አሉት። ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት የሠራ ሰው ቀጣይ አድራሻው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ማለታቸው ነው። ተረብ እንዲህ ነው! ሦስት ቁጥር፣ አንድ ነጥብ፣ ቀጥታ አልጋ ላይ። አሊባባ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ መሥራች ጃክ ማ በዚያው ሰሞን ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት መሥራት መቻል ትልቅ በረከት ነው ብለው መለሱ። በረከቱ ለሠራተኛው፣ ትርፉ ለባለቤቱ እንዲሆን ያከፋፈለው ማን እንደሆነ ግን አልጨመሩም።

ጃክ ማ ግን ለአያ መጽሐፍ ጥሩ ምስክር አይሆኑም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ሃንግዡ ከተማ ውስጥ በብስክሌት ወደ ሆቴል እየሄዱ የውጭ ቱሪስቶችን በነፃ ያስጎበኙ ነበር፤ ክፍያቸው እንግሊዝኛው ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ሁለት ጊዜ ወድቀው በሦስተኛው አለፉ። ራሳቸው እንደሚያወሩት ኬኤፍሲ ከተማቸው ሲገባ 24 ሰው አመልክቶ 23ቱ ተቀጠረ። የቀረው አንዱ እሳቸው ናቸው። በ1999 አሊባባን መሠረቱ። አያ መጽሐፍ፣ «ዶሮ መጥበስ ተከልክሎ ገበያውን የጠቀለለ» የሚለው ሙያ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከተነሳ ልቤን የወሰደው ሌላ ሰው ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን በማስጠኛው ፋብሪካ በኩል ማለፍ ግድ ነው።

ዩ ሚንሆንግ የተባሉ የቀድሞ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1993 ቤጂንግ ውስጥ ኒው ኦሪየንታል የተባለውን ማስጠኛ ቤት ከፈቱ። እሳቸውም መግቢያውን ሁለቴ ወድቀው በሦስተኛው ያለፉ ናቸው። ይህ ፈተና እነማንን እንደጣለ ቢነገረው አንገቱን ይደፋ ነበር። ስሙ ጋኦካኦ ነው። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከ750 ነጥብ 150ው የእንግሊዝኛ ነው፣ በ2024 የተመዘገበለት ተማሪም 13.42 ሚሊዮን። እንግዲህ 150 ነጥብ ደጅ ላይ ቆሞ ያለው ወላጅ ገንዘቡን ለማን ያውጣ? ለማስጠኛ ቤት። ገበያው ደራ። ሊ ያንግ የሚባለውማ «ክሬዚ ኢንግሊሽ» ብሎ ስታዲየም ሙሉ ሰው በእንግሊዝኛ እያስጮኸ ያስተምር ነበር። ጎረቤት እንዴት ቻለው እንጂ ተማሪውስ ተምሯል።

ከዚያ ሐምሌ 2021 መጣ። መንግሥት «ድርብ ቅነሳ» አለ፤ የቤት ሥራ ይቀነስ፣ በግዴታ ትምህርት እርከን ላሉ ልጆች የትምህርት ቤቱን ትምህርት ለትርፍ ማስጠናት ይቅር። ኒው ኦሪየንታል 60,000 ሠራተኛ አሰናበተ። ወደ 80,000 የሚጠጋ ጠረጴዛና ወንበር ለገጠር ትምህርት ቤቶች ሰጠ። «ጆብ» የሚለውን ቃል እስከ ወርቁ የሚተነትን አስተማሪ ጆብ አጣ። «አንኢምፕሎይድ» እንዴት እንደሚጻፍ ሲያስተምር ኖሮ ተራው ሲደርስ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም።

ድርጅቱ ተማሪ ሲከለከል በኢንተርኔት የቀጥታ ስርጭት ሩዝ፣ በቆሎና ሥጋ ወደ መሸጥ ዞረ። ካሜራ ፊት ከቆሙት መካከል ዶንግ ዩህዊ አለ። በሻንሺ ክፍለ ሀገር ገጠር ከገበሬ ቤት የተወለደ፣ የኒው ኦሪየንታል እኩያ (ሁለቱም 1993)፣ ሺያን ከተማ እንግሊዝኛ ተምሮ ከ2015 ጀምሮ እዚያው ሲያስተምር የኖረ ልጅ። ሰኔ 2022 ላይ ስቴክ እየሸጠ፣ ነጭ ሰሌዳውን በእጁ ይዞ፣ ስለ ሥጋው የሚነገሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት እየጻፈ ያስተምር ጀመር። ከቃሉ ወደ ግጥም፣ ከግጥሙ ወደ ታሪክ፣ ከታሪኩ ወደ እናቱ ጓዳ ያልፋል፤ ሥጋው ይረሳል፣ ግን ይሸጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልካቹ በሚሊዮን ተቆጠረ። ስቴክ የማይበላ ሁሉ ሳይቀር ለትምህርቱ ብሎ ገዛ የሚሉ አሉ። ማስጠናት ተከልክሎ የለ? እሱ አያስጠናም፣ ሥጋ ነው የሚሸጠው። ቃሉ ምርቃት ነው።

ተመልካቹም ዝም አላለው። «የሸክላ ወታደር ትመስላለህ» ተባለ፤ ሺያን አጠገብ ከመሬት የወጡትን እነዚያን ባለ አራት ማዕዘን ፊት የጥንት ወታደሮች ማለታቸው ነው። የእኛ ሰፈር ልጅ ቢሆን ስልኩን ይሰብር ነበር። እሱ ቀልዱን ተቀብሎ በራሱ ፊት ላይ እየጨመረ ራሱን ተረበ። ራሱን ቀድሞ የተረበ ሰው ደግሞ ተረቢውን ሥራ ያስፈታል። ሐምሌ 2024 ላይ ከድርጅቱ ወጥቶ የራሱን ኩባንያ ይዞ ሄደ። ኢምፕሎዪ ሆኖ ገብቶ ኢምፕሎየር ሆኖ ወጣ ማለት ነው፤ ያቺን ድምፅ ከሁሉም በላይ ያጠናት እሱ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ አያ መጽሐፍ። ይህ ሰው ቲቸር ነው? ሴልስማን ነው? ወይስ የሸክላ ወታደር? አንተ የሥራ ስም ታስቆጥራለህ። ሥራ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ደመወዝ እንዴት እንደሚነሳ፣ «አይሆንም» በጨዋ ደንብ እንዴት እንደሚባል፣ ሥራው ሲቀር ምን ተብሎ እንደሚወጣ አንድ መስመር የለህም። የቃለ መጠይቅ ምዕራፍህ ውስጥ «ድክመትህ ምንድን ነው?» ለሚለው ልጁ የሚያጠናው መልስ «ሥራ በጣም እወዳለሁ» ነው። ይህን የሚያምን ቀጣሪ ካለ ድክመቱ የቀጣሪው ነው።

ልጁ በራሱ ቋንቋ ግን የሥራን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከአንተ ጋር ሲሆን ነው ሕፃን የሚሆነው። ከሥራ የተባረረ ሰው በቻይንኛ «ስኩዊዱ ተጠበሰ» ይባላል። ስኩዊድ የተባለው የባሕር ፍጥረት መጥበሻ ላይ ሲያርፍ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ድሮ የተባረረ ሠራተኛ ፍራሹን ጠቅልሎ ነበር የሚወጣው። «ጓዝህን ጠቅልል» ለሚለው ሕዝብ ይህ ትርጉም ያስፈልገዋል? ሥራ የለወጠው ግርግም ዘለለ ይባላል፤ ፈረሱ የተሻለ ገለባ አይቷል። አለቃው ሲያዛጋ የሚያጨበጭበው የፈረሱን ቂጥ እየመታ ነው። የሚለግመው ዓሣ እየዳበሰ ነው። በረት ሙሉ እንስሳ፣ ባሕር ሙሉ ዓሣ! እነዚህን ሁሉ የሚያውቅ ጎረምሳ አንተ ጋ ሲመጣ «አይ ዎንት ቱ ቢ ኤ ዶክተር» ይላል። ምን ያድርግ፣ ማርኩ እዚያ ላይ ነው።

ማርኩን ይዞ የወጣው ምን እንደገጠመው ታውቃለህ? ሰኔ 2023 ላይ ከ16 እስከ 24 ዓመት ካለው የከተማ ወጣት ሥራ ፈላጊ 21.3 በመቶው ሥራ አጥ ነበር። በነሐሴ ስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥሩን ማውጣት አቆመ፤ ቁጥሩ ራሱ ስኩዊድ ሆነ ማለት ነው። በጥር 2024 በአዲስ ቀመር፣ ተማሪዎቹ ተቀንሰው፣ 14.9 ሆኖ ሥራ ጀመረ። ደመወዙ ተቀንሶ የተመለሰ ብቸኛ ቁጥር። በዚያው 2023 ተመራቂዎቹ ከሉ ሹን የ1919 አጭር ልብ ወለድ ኮንግ ዪጂን አወጡት። ፈተና አልፎ የማያውቅ፣ ከወዛደሮቹ ጋር ቆሞ እየጠጣ የሊቅ ረጅም ካባውን የማያወልቅ ምስኪን ነው። «ዲግሪያችን ያ ካባ ነው፤ ለብሰነው ሥራ የለም፣ አናወልቀው ነገር ለፍተንበታል» አሉ። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ካባችሁን አውልቃችሁ ሥሩ ብሎ መከረ። እኔ ብሆን «ያለበሰን ሰውዬ ይዘዘን» እል ነበር።

ካባውን ላለማውለቅ የመረጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ ይሰለፋል። በ2024 መጨረሻ ለተሰጠው የማዕከላዊ መንግሥት ቅጥር ፈተና ማጣሪያውን ያለፈው ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው፤ ወንበሩ 39,700 ግድም። አንድ ወንበር፣ 86 መቀመጫ ያጣ ሰው። የዕድሜ ጣሪያው 35 ነበር፤ በጥቅምት 2025 ወደ 38 ከፍ ተደረገ። የግሉም ማስታወቂያ ከ35 በታች እያለ ነው የሚጠራው። ለካስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «ሀው ኦልድ አር ዩ?» ያልከው ለሰላምታ አልነበረም!

እንግሊዝኛው ራሱ ይቅር የሚሉም አሉ። በ2021 ከብሔራዊው የፖለቲካ ምክክር ጉባኤ አባላት አንዱ እንግሊዝኛ ዋና ትምህርት መሆኑ ይብቃ፣ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው፣ ማሽን ይተረጉማል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሻንጋይ በአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛን የወሰነ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና አስቀረች። በ2023 የሺያን ጂያኦቶንግ ዩኒቨርሲቲ ከ1987 ጀምሮ ተማሪ ያስለቀሰውን የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ለምረቃ መጠየቁን ተወ። የሰለቸ ተማሪ እልል ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ማሽኑ ሲተረጉም የሚተረጉመው የተናገርከውን ነው፤ ምን ማለት እንዳለብህ ያላወቅህ እንደሆነ ዝምታህን ተርጉሞ ይሰጥሃል።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም፣ ከደጃችን ነው። እንግሊዝኛ ተምረው ከሚመረቁት ቻይናውያን ጥቂት የማይባሉት የመጀመሪያ እንጀራቸው በአፍሪካ የግንባታ ቦታ አስተርጓሚነት ነው። በ2015 የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም፣ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድም የተሠራው በቻይና ተቋራጮች ነው። አስተርጓሚው የሃያ ሁለት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ጭንቅላቱ ላይ ቢጫ ቆብ፣ በግራው ቻይናዊ መሐንዲስ፣ በቀኙ የእኛ ካቦ። ዶክተር፣ ፓይለት፣ አስትሮኖት ብሎ ያጠናው ልጅ አቧራ ውስጥ ቆሞ ፌሮ፣ አርማታ፣ ባሬላ የሚሉ ቃላት ይዘንቡበታል። መዝገበ ቃላቱን ቢገለብጥ አያገኛቸውም፤ ግማሾቹ ጣልያን ትቷቸው የሄደ ናቸው። በእንግሊዝኛ ስም ሁለት የእንግሊዝ ዘመድ የሌላቸው ሕዝቦች በጣልያንኛ ቤት ይሠራሉ።

«ካቦ ማለት ምንድን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ሳይሠራ የሚደክመው ነው» አለው አንዱ ባሬላ ተሸካሚ።

ሲመሽ ግን ቀልዱ ያበቃል። መሐንዲሱ «አርማታው ዛሬ ማለቅ አለበት» ይላል፤ ካቦው «ኦቨርታይም?» ይላል። ይቺ ቃል አስተርጓሚ አትፈልግም፣ ሦስቱም ያውቋታል። አስተርጓሚ የሚፈልገው ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ነው፤ ስንት ሰዓት፣ በስንት ሒሳብ፣ በየትኛው ሕግ፣ ነገ በዓል መሆኑን አውቀሃል ወይ? እዚህ ላይ ልጁ ዝም ይላል፤ የተሰጠው ምዕራፍ እዚህ አይደርስም። ዝም ያለበት ምክንያት ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በ150 ነጥብ የተፈተነው ስለ ዓሣ አጥማጁና ስለ ነርሷ ነው።

ስለዚህ አያ መጽሐፍ፣ ተረቡ ይብቃና አንድ ገጽ ልለምንህ። በቻይና የሥራ ሕግ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት በአማካይ ከ44 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓት በወር ከ36 አይበልጥም፤ ክፍያው በሥራ ቀን 150፣ በዕረፍት ቀን 200፣ በሕዝብ በዓል 300 በመቶ። የአገሪቱ ከፍተኛ ሕዝባዊ ፍርድ ቤትም ነሐሴ 2021 ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት ሕግ መጣስ ነው ብሎ ተናግሯል። በእኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄኛው 2011 የራሳችን ነው) በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው በቀን አንድ ተኩል፣ ሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። ይህን በእንግሊዝኛ መናገሪያ የሚሆን አንድ ገጽ በሚቀጥለው እትምህ አስገባ፤ ለአስተርጓሚውም ለካቦውም ያገለግላል።